አባባ ያቆሙበት ደቂቃ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ የማወራችሁ አባባ ቤት ስለገጠመኝ ነገር ነው።

አባባ ሁለት ቴሌቪዥን አላቸው፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤት። ሁለቱም ላይ ኮዲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ጭኜላቸዋለሁ። የድሮ የሠርግና የክርስትና ካሴቶቻችንን ገልብጬ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ከሁለቱም ክፍል በዋይፋይ ይታያሉ። አንድ ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የእህትህን ሠርግ ሳሎን እያየሁ እናቴ ልትመርቅ ስትነሳ አቆምኩት። መኝታ ቤት ብከፍተው ከመጀመሪያው ጀመረብኝ» አሉኝ።

ኮዲ የትኛውን ቪዲዮ እንዳያችሁ፣ የቱ ደቂቃ ላይ እንዳቆማችሁ የሚመዘግብበት ዳታቤዝ አለው፤ ኤስኪውላይት ይባላል። በየመሣሪያው ለየብቻ ስለሚቀመጥ የሳሎኑ የመኝታ ቤቱን አያውቀውም። አንድ መዝገብ ይጋሩ ካላችሁ ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ የሚባል ሰርቨር፣ ማለትም መዝገቡን በአንድ ቦታ ይዞ ለሁሉም የሚያቀርብ ፕሮግራም፣ ተክላችሁ ሁለቱንም ወደዚያ ትመሯቸዋላችሁ።

ይህን የምታደርጉት ግን ከሴቲንጉ ሜኑ ገብታችሁ አይደለም። አድቫንስድሴቲንግስ ዶት ኤክስኤምኤል የሚባል ፋይል በእጃችሁ ጽፋችሁ ዩዘርዳታ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ፋይሉ ከፕሮግራሙ ጋር አይመጣም። የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርቱ፣ ብዙውን ጊዜ 3306 ነው፣ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፤ ጥቂት መስመር ናት። በዚህ ፋይል እያንዳንዱ መስመር የሚዘጋው ስላሽ፣ ያቺ ያዘነበለች ጭረት፣ ባለበት ምልክት ነው፤ እኔ አንዱ መዝጊያ ላይ ስላሿን ረሳሁ። ኮዲ ተነሳ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም፤ ፋይሉን ትቶ በድሮው መዝገብ ቀጠለ። ስህተቱን ያገኘሁት በኋላ ሎጉን፣ ፕሮግራሙ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን ፋይል፣ ስከፍት ነው። አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ሆነ?» ይሉኛል፣ እኔ «ትንሽ ቆይ አባባ» እላለሁ። አንድ ሰዓት እንዲህ አለፈ።

ያን ቀን ነው በጣም ያሰብኩበት። ለምን ሜኑ ውስጥ አይገባም? ለጀማሪ አደገኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል፤ አድራሻው ከተሳሳተ ላይብረሪው፣ የቪዲዮዎቹ ዝርዝር፣ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ግን እኮ ኮዲ ሴቲንጎቹን ከመሠረታዊ እስከ ኤክስፐርት በአራት ደረጃ ከፋፍሏቸዋል። ኤክስፐርት ላይ ይቀመጥ። ከማስቀመጡ በፊት ግንኙነቱን ሞክሮ «ሰርቨሩ አልተገኘም» የሚል አንድ ቁልፍ ይኑረው። ደግሞ በ2024 የወጣው ኮዲ 21 ድሮ በዚሁ ፋይል ብቻ ይስተካከል የነበረውን የካሽ መጠን፣ ማለትም ቪዲዮው እንዳይቆራረጥ ቀድሞ የሚጫነውን ልክ፣ ወደ ሜኑ አምጥቶታል። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ቋንቋው ነው። ሜኑ ላይ ያለ ቃል ይተረጎማል፤ ኮዲ የአማርኛ ትርጉም አለው። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ቃላት ግን ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ናቸው። አባባ «የሰርቨር አድራሻ» የሚል ሣጥን ቢያገኙ፣ እኔ በስልክ ቁጥሩን አንድ በአንድ ብነግራቸው፣ በሪሞት ራሳቸው ያስገቡት ነበር። ኤክስኤምኤል ጻፉ ልላቸው ግን አልችልም።

ስላሿን መለስኩ፤ ሁለቱንም ዘግቼ ከፈትኩ። ሳሎን ትንሽ አስኬዱትና አቆሙ፤ መኝታ ቤት ሲከፍቱ አያቴ እጇን ዘርግታ እየመረቀች ነው። አባባ «አሜን» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ቅዳሜ ደግሞ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። የእሷ የአንድሮይድ ቦክስ ነው፤ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ደግሞ ያ ዩዘርዳታ ፎልደር ለሌሎች አፖች ዝግ ነው። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ይዤ በራሱ በኮዲ ፋይል ማናጀር አስገባዋለሁ። ስላሾቹን ከአሁኑ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ።