አረንጓዴው ኪሴ ውስጥ ነው

እንደምን አደራችሁ! በዚህ ብርድ እንጦጦ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢ የያዘ ብልህ ነው። እኔ ረስቼዋለሁ፤ ስለዚህ ብዙ አላወራም።

ዛሬ ዛፍ ልንሥል ነው፣ በፓስቴል። ብዙዎቻችሁ ስታዩት «ይሄማ ጠመኔ ነው» ብላችኋል። አይደለም። ጥሩ ለስላሳ ፓስቴል ውስጥ ያለው የቀለም ዱቄት የዘይት ቀለም ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። በዘይት ፈንታ ቅርጹን እንዲይዝ ያህል ትንሽ ሙጫ ገብቶበታል፣ በቃ። ለዚህ ነው ቀለሙ የሚደምቀው። ለዚህም ነው የሚረግፈው።

መርገፉን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያ ሥዕሌን በጋዜጣ ጠቅልዬ ታክሲ ተሳፈርኩ። ግፊያውን መቼም ታውቁታላችሁ። ቤት ደርሼ ስፈታው ጥዱ በሙሉ ወደ ጋዜጣው ተዛውሯል! እናንተ ካርቶን ላይ አጋድማችሁ ያዙት። ስትሰቅሉት መስታወት ይኑረው፤ መስታወቱ ግን ሥዕሉን አይንካው። ብናኙን ደግሞ እፍ አትበሉ፣ መሄጃው ሳንባችሁ ነው። ወረቀቱን አዘንብላችሁ ከጀርባው መታ መታ አድርጉት።

ወረቀቱ ሸካራ ካልሆነ ዱቄቱን አይዝም። የፓስቴል ወረቀት ውድ ስለሆነ ለልምምድ የአናጢዎቹ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። በጣታችሁ ግን አትሹት፣ ይልጣችኋል።

ወደ ዛፉ እንምጣ። «ዛፍ ሣሉ» ስንባል ሁላችንም ዋርካ እንሥላለን፤ ሥሩ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ጭምር። እስቲ ዙሪያችሁን እዩ። ዋርካው የታለ? ያለው ባህር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ሲያጥራት የመጣ የአውስትራሊያ ዛፍ። ውሃ ይመጥጣል እያልን እናማዋለን፤ ሐሜቱም እውነት አለው። ግን የቤታችን ማገር እሱ ነው፣ ለጉንፋን የምንታጠነውም እሱ። እናቶች ጎብጠው ቁልቁል የሚያወርዱት ቅጠልም የእሱ ነው። ሥዕል ላይ ሲሆን ግን እንደሌለ እንቆጥረዋለን። ይሄ አይገባኝም።

ቀረብ ብላችሁ እዩት። የለጋው ቅጠል ሰፋ ያለ ሞላላ ነው፤ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ሰማያዊ ግራጫ። ሲያድግ እንደ ማጭድ ይረዝምና ወደ ታች ይንጠለጠላል። ቅርፊቱ ተልጦ ሲወርድ ከሥሩ ክሬም፣ ግራጫ፣ አንዳንዴ ሮዝ ብቅ ይላል። ጎኑ የቆመው የሀበሻ ጥድ ደግሞ ጥላው ውስጥ ጥቁር ለመባል ምንም አልቀረው።

ከጨለማው ጀምሩ፣ ብርሃኑን መጨረሻ ላይ አምጡ። ቅጠል አትቁጠሩ። መጀመሪያ የፓስቴሉን ጎን አጋድማችሁ የዛፉን አካል ጣሉ። ከዚያ በቅርንጫፎቹ መሃል ሰማይ የሚታይባቸውን ቀዳዳዎች በሰማይ ቀለም ነካ ነካ አድርጉ፤ ከሰፊው ሰማይ ትንሽ ይጥቆሩ። ቀዳዳ የሌለው ዛፍ ጥቅል ጎመን ነው የሚመስለው። እነ ወጨጫና የረርን ስትሥሉ ደግሞ ጠርዛቸውን አታጉሉ። ተራራው ራሱ ሰማያዊ ሆኖ አይደለም፤ በመሃላችን ያለው አየር ነው እንደዚያ የሚያሳየው።

ወረቀቱ እዚያ ጥዱ ሥር ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሁሉም ቀለም አለ፣ ከአረንጓዴው በቀር። እሱ ኪሴ ውስጥ ነው። እስከ አራት ሰዓት ሰማያዊ ላይ ቢጫ እየደረባችሁ ሞክሩ። ከዚያ በኋላ የቸገረው መጥቶ ይጠይቀኝ።