ዳይነር፦ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያደረው ቤት ለምን ይዘጋል?

[ምስል፦ በሌሊት፣ በኒዮን መብራት የደመቀ የብረት ቤት]

ዳይነር የሚባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት የተወለደው ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ዋልተር ስኮት የተባለ ሰው በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ፣ ምግብ ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ለሌሊት ሠራተኞች በፈረስ ጋሪ ላይ ምግብና ቡና መሸጥ ጀመረ። ጋሪው እያደገ በፋብሪካ የሚገጣጠም ቤት ሆነ። የማሳቹሴትሱ ዉስተር ላንች ካር ኩባንያ ብቻ ከ1906 እስከ 1957 ድረስ 651 ቤቶችን ሠርቷል። ቤቱ ተጭኖ ስለሚጓዝ ጠባብና ረጅም መሆን ነበረበት። ውበቱም ከዚሁ ጥበት ይመነጫል፤ ባንኮኒው ላይ የተቀመጠ ሰው ምግቡ ሲሠራ ፊት ለፊቱ ያያል።

[ምስል፦ ምጣዱ በቅርበት]

ሰፊው የብረት ምጣድ ሁሉም ጎኑ እኩል አይግልም። ጋል ያለው ወገን ለድንች፣ ለዘብ ያለው ለእንቁላል ነው። ድንቹ ተፈቅፍቆ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ስታርቹ ካልወጣ ይጣበቃል። ከዚያ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ መጭመቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ ያዘለ ድንች ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አሳስታችሁ ዘርጉት፤ ከሥሩ እስኪቀላ አምስት ደቂቃ ያህል አትንኩት። ቶሎ ከገለበጣችሁት ይፈረካከሳል። እንቁላሉ የሚሰበረው ድንቹ ከተገለበጠ በኋላ ነው፤ ሁለቱም ትኩስ እንደሆኑ ሳህን ላይ እንዲገናኙ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚይዝ እጅ ውድ ነው። ጥቂት ዓይነት ምግብ ብቻ የሚሸጥ የሀምበርገር ቤት ጥቂት ዕቃ ገዝቶ፣ በአጭር ጊዜ በሠለጠነ ሠራተኛ ይሠራል። ዳይነር ግን ከፓንኬክ እስከ ስቴክ፣ ብዙዎቹን ዳይነሮች የያዙት የግሪክ ስደተኞች ካመጡት ሰላጣ እስከ ፓይ ድረስ ሁሌም ማዘጋጀት አለበት፤ ያልተሸጠው ይበላሽበታል። በ1956 በወጣው ሕግ የተሠሩት ፈጣን አውራ ጎዳናዎች ደግሞ መንገደኛውን ከአሮጌዎቹ መንገዶች ወሰዱት። ከ2020 ወረርሽኝ በኋላም ብዙዎቹ ወደ ሌሊት ሥራ አልተመለሱም።

ከሁሉ የሚከብደው የመሬቱ ዋጋ ነው። በኒውዮርክ፣ ሶሆ የነበረው ሙንዳንስ ዳይነር ቦታው ለግንባታ ተፈለገና በ2007 ቤቱ እንዳለ በጭነት መኪና ተጭኖ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ጥቂት መቶ ሰው ወደሚኖርባት ላ ባርጅ ተወሰደ። የበረዶው ክብደት ጣራውን ደረመሰው። ተጠግኖ በ2009 ተከፈተ፤ በ2012 ተዘጋ።