የዱሮ ልብስ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ እንዴት ይመረጣል? ከጅማ ገበያ

[ምስል፦ ሂርማታ፣ የገበያ ቀን፤ ሸራ ላይ የተቆለለ ልብስ]

የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ቡናውንም ማሩንም አልፈን ሰልባጅ ወደሚሸጥበት እንገባለን። ቦንዳ ሲፈታ ዓይን አዋጅ ይሆናል። ሸሚዙ፣ ጂንሱ፣ ኮቱ፣ የማናውቀው የኳስ ቡድን ማሊያ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ መሃል ሃያ ሠላሳ ዓመት የኖረውንና ዛሬም የሚያምረውን እንዴት እንለያለን?

በቅድሚያ አንድ ነገር ሳንደባብቅ እንናገር። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ አገር ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ አቅርቦቱ አይጨበጥም። አንድ ሰሞን ይሞላል፣ ሌላ ሰሞን ድራሹ ይጠፋል። ዋጋውም አብሮት ይዋዥቃል። የአምናውን ዋጋ እየጠቀሳችሁ ሻጯን አታድክሟት።

[ምስል፦ ክምር ውስጥ የሚዳብስ እጅ]

ፍለጋውን በእጅ ጀምሩ። ቀለም ያታልላል፣ ጨርቅ ግን አይዋሽም። ክምሩን ዳበስ ዳበስ ስታደርጉ ወፍራም ጥጥ፣ ሱፍና ሐር ከስስ ፖሊስተር መሃል ራሳቸውን ያሳብቃሉ። ከገዛችሁ በኋላ ከተጠራጠራችሁ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዛችሁ ቤት ውስጥ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ገበያ መሃል ክብሪት እንዳትጭሩ ብቻ።

[ምስል፦ የቡናማ ኮርዶሮይ ጃኬት አንገት፣ ከቅርብ]

አሁን ይህን ጃኬት ገልበጥ እናድርገው። አንገቱ ላይ የተሰፋችው ምልክት መታወቂያው ናት። «ምዕራብ ጀርመን የተሠራ» ትላለች። ሁለቱ ጀርመኖች የተዋሐዱት በ1990 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ ነው። እንግዲህ ጃኬቱ ከዚያ በፊት ተሰፍቷል ማለት ነው። ቼኮዝሎቫኪያ የሚል ካጋጠማችሁም ከ1993 በፊት ነው። በካርታ ላይ የሌለ አገር ስም ስታዩ ልብሱን ቶሎ ከእጃችሁ አታውጡት።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ልብስ ከሆነ የአስተጣጠብ መመሪያውን ፈልጉ። አምራቾች መመሪያውን እንዲሰፉ የተገደዱት ከ1972 ጀምሮ ነው። በቃላት ፋንታ የባልዲና የካውያ ሥዕል ብቻ እንዲያደርጉ የተፈቀደላቸው ደግሞ በ1997 ነው። ሥዕል ብቻ ያለበትን የአሜሪካ ሸሚዝ «የሰባዎቹ ነው» ቢሏችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ሊቫይስ ጂንስ ላይ የኋላ ኪሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀይ ጨርቅ እዩ። የስሙ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉ ትልልቅ (LEVI'S) ከሆኑ ሱሪው ከ1971 ገደማ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛዋ ፊደል ትንሽ (e) ሆናለች። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት ኩባንያው ራሱ የዱሮውን አስመስሎ እንደገና ስለሚሠራ ነው። ቲሸርት ላይ ደግሞ የእጅጌው ጫፍ በአንድ መስመር ስፌት ብቻ ከታጠፈ አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠናዎቹ አጋማሽ በፊት ያለ ነው። እነዚህ ፍንጮች ናቸው። ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው ልብ የሚሞላው።

[ምስል፦ ጃኬቱ ወደ ብርሃን ተደርጎ]

ዕድሜው ደስ አሰኘን ብለን ገንዘብ አናውጣ። ጃኬቱን ወደ ፀሐይ አንሱት። ብል የበላው ሱፍ እንደ ወንፊት ብርሃን ያስገባል። ብብቱን እዩ፣ አሽትቱም፤ ነውር የለውም። እዚያ የደረቀ ላብ ጨርቁን ካነተበው ማንም አይመልሰውም። የዚህኛው ጃኬት ገበር እጅጌው ውስጥ ተቀዷል፣ አንድ ቁልፍም ጎድሏል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የዋጋ መቀነሻ ነው። «ሜቃ?» (በኦሮምኛ «ስንት ነው?») ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀዳዳውን አሳዩ፣ ከዚያ መጨረሻውን ንገሪኝ በሉ።

ልኩ ላይ ሰው ሁሉ የተጻፈውን ቁጥር ያያል። የዱሮ ቁጥር ከዛሬው ጋር አይገጥምም፤ አሮጌ ቀሚስ ላይ የተጻፈ ልክ ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ይጠብባል። ትከሻውን ለኩ። ትከሻው ከተቀመጠላችሁ ሌላው ሁሉ ለልብስ ሰፊ ቀላል ነው። ወገብ ማስጠበብ፣ እጅጌና እግር ማሳጠር፣ ገበር መቀየር በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የተቀመጠ ባለሙያ የሚያውቀው ሥራ ነው። ትከሻ ማጥበብ ግን ኮቱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። የሰማንያዎቹ ኮት ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ አለው። እሱን ብቻ አውጡለትና ልዩነቱን እዩ።

[ምስል፦ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ]

ስለ እጥበት ባጭሩ። የገዛችሁትን ቤት ስታስገቡ በፌስታል አስራችሁ ይቆይ እንጂ አልጋ ላይ አትጣሉት። የማይለቅ ጥጥ ከሆነ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ትኋንም ሌላውም አይተርፍም። ጅማ እርጥበቷ ስለሚበዛ ክረምት ላይ ሻጋታ ይቸኩላል። ሻጋታውን ደጅ አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ አቼቶ በውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ፣ ፀሐይ የወጣችበትን ቀን ጠብቃችሁ አስጡ። ሱፍና ሐር ላይ በረኪና አይነካም፣ ይበላዋል።

አለባበሱ ላይ እኔ አንድ ፈሊጥ አለኝ፦ የዱሮው አንድ ይሁን፣ የተቀረው የዛሬ። ይህን ኮርዶሮይ ጃኬት ከዱሮ ሸሚዝ፣ ከሰፊ ሱሪና ከአሮጌ ቦርሳ ጋር ከደራረባችሁት ለቲያትር የለበሳችሁ ያስመስላል። ከነጭ ቲሸርትና ከተራ ጂንስ ጋር ግን ሰው «ከየት አመጣኸው?» ይላል። ሰፊ የወንድ ኮት ለሴት እጅጌው ሁለቴ ታጥፎ፣ ወገቡ በቀበቶ ታስሮ ያምራል። በላዩ ላይ ስስ የሸማ ሻርፕ ጣል ቢደረግማ! ወፍራሙን የአውሮፓ ካፖርት ተዉት። የጅማ ቀን አይችለውም። መሬት የሚጠርግ ነጭ ሱሪም ጭቃው ሲመጣ አያዋጣም።

አንድ የተረሳ ቦታ ደግሞ አለ፤ የቤታችሁ ሳጥን። የአባት የሰርግ ኮት፣ የእናት የወጣትነት ጉርድ እዚያ ተጣጥፎ ይገኛል። ዋጋ አይጠየቅበትም፣ ማን እንደለበሰውም ይታወቃል። ብቻ እማዬን ሳታስፈቅዱ ወደ ልብስ ሰፊው እንዳትወስዱት።