ጭረቷ ላይ አትቁሙ፦ የእንግሊዝኛ ጥምር ቃላት አነባበብ

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች። በመስኮት የባጃጅ ድምፅ ይገባል።]

ጤና ይስጥልኝ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ልጅ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ልትፈተን ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታጠና ሰማኋት፤ «ቼክ» ትልና ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ከዚያ «ኢን»። ቃሉን አሳምራ ታውቀዋለች። ያሰናከለቻት መካከል ላይ ያለችው ንዑስ ጭረት ናት።

[ጽሑፍ፦ ቼክ-ኢን]

«ሥነ-ምግባር» ስንል «ሥነ» ላይ ቆመን እናርፋለን? አናርፍም። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ነው። መዝገበ ቃላት ክፍለ ቃሎቹን ጭረቷ ላይ ይለያቸዋል፤ አፍ ግን ያገናኛቸዋል። የፊተኛው ቃል በተነባቢ አልቆ የኋለኛው በአናባቢ ከጀመረ፣ ተነባቢው ወደ ኋለኛው ይሻገራል፦ «ቼ-ኪን»። አማት የሚባለውን «ማዘር-ኢን-ሎው»ን እንይ። በተለመደው የብሪታንያ አነጋገር «ማዘር» ብቻውን ሲነገር የመጨረሻው «ር» አይሰማም፤ «ኢን» ሲከተለው ግን ይመለሳል። ማ-ዘ-ሪን-ሎ፤ አራት ክፍለ ቃል ነው።

[ጽሑፍ፦ ፓርት-ታይም]

እዚህ ሁለት «ት» ተገናኝተዋል። ሁለቴ አትጥሯቸው። ምላሳችሁን ከላይኛው ጥርስ ጀርባ አስጠግታችሁ ጥቂት ያዙና አንዴ ልቀቁ። ይህ እኮ የራሳችን ጥብቀት ነው! «ገና አልመጣም» ብለን አላልተን፣ «የገና በዓል» ብለን አጥብቀን የምንናገር ሰዎች ነን። እንግሊዝኛ በጥብቀት ብቻ ቃልን ከቃል አይለይም፤ ጥብቀት የሚሰማው እንዲህ ሁለት ቃላት ሲጋጠሙ ነው። ስለዚህ ለእኛ ይቀለናል።

የሚከብደን ሌላ ነው። በሰፈራችን ዳር የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው «ወርልድ-ክላስ» ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ነው። እኛ ግን ተነባቢ ሲደራረብብን፣ ሳድሱን ፊደል እንደለመድነው፣ አጭር «እ» እንሰካለን፤ ቃሉም ሦስት ወይም አራት ይሆናል። በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ ቁጠሩት። ከሁለት ጭብጨባ ካለፈ «እ» ገብታለች ማለት ነው። ፈጥነው ሲናገሩ «ድ»ን የሚውጡም ብዙ ናቸው፤ እሱ ስሕተት አይደለም።

ልጅቷን ደረጃው ላይ አስጨበጨብኳት። «ቼኪን» አለች፣ ደገመችው። «ቼክ-አውት»ን አላስተማርኳትም፤ ደብተሯን ገልጣ ራሷ አነበበችው፦ «ቼ-ካውት»።