ጅራት ያለው ቆብ

እንደምን ዋላችሁ። ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ሸማኔ በተሰበሰበበት ስለ ጨርቅ ማውራት ለቀባሪው አረዱት ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ እናንተ ሥራ አልነግራችሁም። የማወራው ከ600 እና ከ700 ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ተራው ሰው፣ ገበሬው፣ እረኛው፣ ምን ይለብስ እንደነበርና ልብሱን እንዴት ይሠራው እንደነበር ነው። ንጉሡንና ንግሥቲቱን ተዉአቸው፤ እነሱ ሥዕላቸው አለ። ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ያንን ዘመን ፊልም ላይ ያየ ሰው ድሃው በሙሉ ጭቃ የመሰለ ማዳበሪያ አንገቱ ላይ አጥልቆ የሚዞር ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ እህቴን ልጠይቅ ኮፐንሃገን ሄድኩና ብሔራዊ ሙዚየሙን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። መስታወት ውስጥ አንድ ቡናማ የሱፍ ቀሚስ ቆሟል። ሙያዬ ስፌት ስለሆነ መጀመሪያ ያየሁት ሰውየው ማን ነበር የሚለውን አይደለም፣ ስፌቱን ነው። እህቴ "በቃ እንሂድ፣ ራበኝ" እያለች እጅጌዬን ትጎትታለች፣ እኔ አንገቴን አጣምሜ ብብቱ እንዴት እንደተገጠመ አያለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዛሬ እኔ ሱቅ ሊቀጠር የመጣ ልጅ እንደዚያ አድርጎ ቢሰፋ በዚያው ቀን አስገባዋለሁ።

ቀሚሱ የወጣው ከግሪንላንድ ነው። ከ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከአይስላንድ የተሻገሩ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች እዚያ በግና ፍየል፣ ላምም እያረቡ ይኖሩ ነበር። ሄርዮልፍስነስ በሚባል ቦታ ባሕሩ ዳር ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። አገሩ እንጨት ብርቅ የሆነበት አገር ነው። ስለዚህ ብዙውን ሟች በሣጥን አልቀበሩትም፤ አሮጌ ልብስ አልብሰው ወይም በአሮጌ ልብስ ጠቅልለው ነው የቀበሩት። ከዚያ መሬቱ በረዶ ሆኖ ያዘው። ባሕሩ መቃብሩን እየበላ ሲመጣ በ1921 ፖል ኖርሉንድ የሚባል የዴንማርክ አርኪዮሎጂስት ሄዶ ቆፈረ፤ 30 ገደማ ቀሚስ፣ 17 ቆብ፣ ባርኔጣና የእግር ሹራብ ወጣ። የድሃ ልብስ እንደዚህ አይገኝም። ይለበሳል፣ ይጣፋል፣ ለልጅ ይቆረጣል፣ በመጨረሻ የወለል መወልወያ ሆኖ ያልቃል።

አቆራረጡን ልንገራችሁ። ከትከሻ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጨርቅ ፊትና ኋላ አለ። ከወገብ በታች በፊት፣ በኋላ፣ በግራ ቀኙ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይገባበታል፤ ወገቡ ጠበብ፣ ታቹ ሰፋ ይላል፣ ሲራመዱበት ይወዛወዛል። ቆንጆ ነው፤ ግን ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አራት ማዕዘን ጨርቅ ከጥግ ወደ ጥግ ስትቆርጡት ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይወጣል፣ የሚጣል ቁራጭ የለም። ዛሬ እኛ ፓተርን አስቀምጠን ስንቆርጥ ከጠረጴዛው ሥር ስንት ቅዳጅ ነው የምንጠርገው? እነሱ ቅዳጅ የላቸውም ማለት ይቻላል።

ለምን? ክሩ ነዋ! የእነዚያ ሰዎች ልብስ ላይ የሚታየው ቁጠባ ሁሉ ከእንዝርት ነው የሚመጣው። እናቴ ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ ስትፈትል ክረምቱ ያልቅ ነበር፤ ጎረቤት መጥቶ እያወራች ትፈትላለች፣ ወጥ እየጠበቀች ትፈትላለች፣ ማታ እንቅልፍ እየጣላት እንዝርቱ ከእጇ ያመልጣል። አንድ ሸማኔ ሥራ ሳይፈታ እንዲውል ብዙ ፈታይ ያስፈልገዋል፣ ይህን ለእናንተ አልነግርም። እዚያም ልክ እንደዚሁ ነበር። ጥጡ ብቻ በበግ ጸጉር ይቀየራል። የእነሱ በግ ሁለት ዓይነት ጸጉር አለው፣ ከላይ ረጅምና ጠንካራ፣ ከሥር አጭርና ለስላሳ። ረጅሙን ለይተው ጠበቅ አድርገው ይፈትሉና ድር ያደርጉታል፤ ለስላሳው ማግ ይሆናል።

የሽመና ዕቃው ግን የእናንተን አይመስልም። ጉድጓድ የለም፣ መቀመጥ የለም። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የቆመ እንጨት ነው፤ ድሩ ከላይ ተሰቅሎ ከታች ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮበት ይወጠራል። እናንተ ማጉን ወደ ራሳችሁ ትመታላችሁ፤ እነሱ ቆመው ወደ ላይ ነው የሚመቱት። ደግሞ ሸማኔዎቹ ሴቶች ናቸው። (እትዬዎች ሲስቁ እያየሁ ነው።) በዋናው አውሮፓ ከተሞች ውስጥ ግን በእግር የሚረገጠው አግድም ዕቃ ከ11ኛው መቶ ዘመን ወዲህ እየተስፋፋ ሲመጣ የከተማው ሽመና ቀስ በቀስ ወደ ወንዱ እጅ ገባ፣ ማኅበርም አቋቋሙ፣ ደንብም አወጡ።

ስለ ደንብ ካነሳን አንድ የምወደው አለ። መንኮራኩር ያለው መፍተያ ከእስያ ወደ አውሮፓ ሲገባ ሥራውን እጅግ አፈጠነው። ጀርመን አገር ሽፓየር ከተማ ውስጥ ግን በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የወጣ ደንብ፣ በመንኮራኩር የተፈተለ ክር ለማግ ይግባ፣ ለድር ግን አይግባ አለ። ለምን እንደሆነ ለሌላ ሰው ማስረዳት አለብኝ፤ እናንተ ገና ሳልጨርስ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። የዚያን ጊዜው የመንኮራኩር ክር ላላ ያለ ነበርና ድር ላይ ሲወጠር እንዳይበጠስ ነው። እናንተ ደግሞ ዛሬ ድሩን ከፋብሪካ ታመጣላችሁ፣ ማጉን ከእንዝርት። ነገሩ ተገልብጧል፣ ጭንቀቱ ግን ያው የድር መበጠስ ነው።

ከሥር የሚለበሰው ሸሚዝ ከምን ይመስላችኋል? ከተልባ። አዎ፣ ያው በጾም በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ። እኛ ፍሬውን ወስደን ግንዱን እንተወዋለን፤ እነሱ ግንዱን ነቅለው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል ወይም ጤዛ ላይ ያሰጡታል፣ ላዩ ሲበሰብስ ያደርቁታል፣ በእንጨት ይቀጠቅጡታል፣ በብረት ማበጠሪያ ያበጥሩታል፣ የሚቀረው ጸጉር የመሰለ ቃጫ ይፈተላል። ይሄ ሸሚዝ ገላ ላይ ስላለ ላቡን ይጠጣል፣ ይታጠባል። የሱፉ ልብስ ከላዩ ሆኖ ይራገፋል፣ ይቦረሻል እንጂ እንደ ሸሚዙ ቶሎ ቶሎ ውሃ አይገባም። ስለዚህ ቆሻሾች ነበሩ የሚለው ወሬ የሸሚዙን ነገር የረሳ ወሬ ነው። የወንዱ ሱሪ ደግሞ ሁለት የተለያየ እግር ነው፤ እያንዳንዱ ለየብቻ ይጠለቅና ከውስጥ ሱሪው ወገብ ጋር በማሰሪያ ይታሰራል። ለገበሬ እንዴት እንደሚመች እንጃ፤ በእርሻ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሥዕል ላይ ማሰሪያውን ፈትተው እግሩን ወደ ታች ሲጠቀልሉት ይታያል።

ሱፉ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ እንዲጠብቅና እንዲወፍር ገንዳ ውስጥ ተደርጎ በእግር ይረገጣል። በምን ውሃ? ብዙ ጊዜ በቆየ ሽንት። አትሳቁ፤ ቅባቱን ከሱፉ የሚያለቅቀው እሱ ነው። እንግሊዝ አገር ይህንን ረጋጭ በአንዳንዱ አካባቢ "ዎከር" ይሉት ነበር፣ በሌላው አካባቢ "ፉለር"። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሚስተር ዎከር የሚባል አለቃ ካላቸው፣ አያት ቅድመ አያቱ ሽንት ሲረግጥ የኖረ ሊሆን ይችላል። "ዌብስተር" ደግሞ ሸማኔ ነው። ቴይለርማ እኔ ነኝ።

ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ ፊልሞቹ በጣም የሚያናድዱኝ እዚህ ላይ ነው። ቀይ ከእንሶስላ ዘመድ አይደለም፣ ከሌላ ተክል ሥር ይወጣል፤ ሰማያዊ ከቅጠል፣ ቢጫም ከአበባማ ሣር። ግሪንላንድ እንኳ ድንጋይ ላይ ከሚበቅለው፣ የድንጋይ ሽበት ከምንለው፣ ሐምራዊ ቀለም አውጥተው ነበር። ተራው ሰው ማጌጥ እንደሚወድ ማስረጃ ከፈለጋችሁ የእንግሊዝን ፓርላማ ጠይቁ። በ1363 ሕግ ወጣ፤ ጋሪ ነጂና አራሽ፣ ንብረቱም ከ40 ሽልንግ በታች የሆነ ሰው ከሻካራው የሱፍ ጨርቅ በስተቀር እንዳይለብስ፣ ያውም ዋጋው ከ12 ፔኒ የማይበልጠውን። እንግዲህ አራሹ ቀድሞውኑ ማዳበሪያ ለብሶ ቢሆን ኖሮ ፓርላማው ምን አሳሰበው? ሕጉም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተሻረ።

ሰልባጅም ነበር። ለንደንን በመሰሉ ከተሞች ያገለገለ ልብስ ብቻ የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ሰው ሲሞትም በኑዛዜው ቀሚሱን ለእገሊት፣ ካባውን ለእገሌ ብሎ በስም ያወርሳል። ክሩ ስንት ክረምት እንደፈጀ ያውቃሉዋ።

በመጨረሻ ይህንን ቆብ እዩልኝ። በ1936 ስዊድን ውስጥ ቫርቤሪ አጠገብ ከረግረግ ውስጥ አንድ የ14ኛው መቶ ዘመን ሰው ተገኘ፤ ገድለው በካስማ ቸክለውታል፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ልብሱ ግን ሙሉ ነው። ካባው፣ ቀሚሱ፣ የሱሪው እግር፣ ትከሻ ድረስ የሚወርድ ቆቡ። ቆቡ ከኋላው 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጅራት አለው። ለምን? ፋሽን ነው! ክር እንደዚያ ውድ በሆነበት ዘመን ምንም ሥራ የሌለው ጅራት። እኔም ከባና ላይ ቆርጬ ልኩን ሰፍቼዋለሁ። ከፊት ጀምራችሁ እየለበሳችሁ ወደ ኋላ አስተላልፉት፤ ጋሽዬ፣ እርስዎ ይጀምሩልኝ። ጅራቱን ብቻ አትጎትቱብኝ፣ ስፌቱ በእጅ ነው።