ያንተ ወይስ ያንቱ

እሺ… እየቀዳ ነው። ቀዩ በርቷል።

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም፤ መብራት ስለጠፋ በስልክ ነው የምቀዳው፣ ባትሪውም ግማሽ ነው። በዚያ ላይ ቧንቧውን ከፍቼ ትቼዋለሁ። ፈረቃችን ትናንት ነበር፣ ሳትመጣ ቀረች፤ ዛሬ ትመጣለች ይላሉ። መሃል ላይ "ፍስስ" የሚል ነገር ከሰማችሁ እሷ ናት። አዎ፣ አውቃለሁ፤ የውሃ ማዘዣ አፕ የሠራ ሰው ሰባት ጀሪካን ደርድሮ ቧንቧ ይጠብቃል። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሳቃችሁ? እንቀጥል።

ባለፈው የአዲስ አበባውን ውድድር ክፍል ሁለት እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ያ ዳኛ "መገጭ ግድብ ሲያልቅስ ምን ልትሸጡ ነው?" ያለኝ ቦታ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ለከተማችን ለጎንደር ውሃ ይሰጣል የሚባለውን ግድብ ማለቱ ነው። ዛሬ አልነግራችሁም። ማክሰኞ አንድ ነገር ሰማሁና ይኸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጧል። ሰማሁ ነው የምለው፤ ግን ምን እንደሰማሁ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ችግሩም እሱ ነው።

ንግድ ፈቃዱን ልመልስ ነው። ነግሬያችኋለሁ መሰለኝ። ካልነገርኳችሁ አሁን ነገርኳችሁ። ፈቃድ ለመመለስ የሚጠየቀው ወረቀት ለማውጣት ከተጠየቀው ይበልጣል፤ ክሊራንስ፣ የክሊራንሱ ኮፒ፣ መታወቂያ፣ የመታወቂያው ኮፒ። ማክሰኞ ደግሞ መብራት የለም። ፒያሳን ዞርኩት፣ ኮፒ ቤቱ ሁሉ ጨለማ ነው። ጄኔሬተር የሚጮኽበት አንድ ቤት ብቻ ነበር። የማን እንደሆነ ገምቱ።

ጋሼ ዶሴ። አዲስ ለሆናችሁ፣ የውሃ አፑን አብረውኝ ጀምረው ኋላ የወጡት ሸሪኬ ናቸው።

ሦስት ዓመት ገደማ ያንን በር አልረገጥኩም። በዚያ በኩል ሳልፍ እንኳ በማዶው ነው የምሄደው፣ ስልክ እንደሚያናግር ሰው ጆሮዬን ይዤ። ገባሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው ማሽኑ ላይ ወረቀት እየጫኑ ነው። አጠገባቸው ስልካቸው ተቀምጧል፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተለቅቋል፤ ያለዚያ በጄኔሬተሩ ጩኸት አይሰማም። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ የእኔ ነው።

የእኔ ድምፅ። ይሄው አሁን የምትሰሙት። የትኛው ክፍል እንደሆነ ወዲያው ነው ያወቅሁት፤ ያ በጣም የወደዳችሁት፣ አፕልን አብሮ መሥርቶ ወዲያው በወጣው ሰው ስም ጋሼን "የጎንደሩ ሮናልድ ዌይን" ያልኩበት። ልክ እዚያ ቦታ ላይ ደርሷል፦ "ሰውዬው ፈራ። የቤቱን ካርታ እንደ ዶሮ ታቅፎ ቁጭ አለ።" ከዚያ የራሴ ሳቅ። ብቻዬን እየቀዳሁ ብቻዬን ስንከተከት።

ቆሜ ሰማሁት። ምኑ እንደወጋኝ ታውቃላችሁ? ዶሮው አይደለም። "ፈራ" ማለቴ ነው። ፈሩ አላልኩም፤ ፈራ። "ቁጭ አለ።" እኚህን ሰው በሕይወቴ አንድ ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም። የመጀመሪያ ሲቪዬን በነጻ… አይ፣ በነጻ አይደለም፣ እሳቸው ለዘመድም በነጻ አይሠሩም፤ ግን እሳቸው ናቸው ቁጭ ብለው የጻፉልኝ። ማይክ ፊት ስቀመጥ ግን "እሱ" ሆኑ። ቀልዱ በአንቱታ አይሄድማ። ሞክሩት። "ሰውዬው ፈሩ።" ያስቃል? አያስቅም። ለቅሶ ቤት የሚወራ ነው የሚመስለው።

ዘወር አሉ። አዩኝ። እኔ እንግዲህ ስልኩን ያጠፉታል ብዬ ነው የምጠብቀው። "ቆይማ፣ ይቺን ልጨርሳት" አሉኝ። ጨረሷት። እስከ "ደህና ሁኑ" ድረስ። ባንኮኒውን ተደግፌ የራሴን ስንብት አዳመጥኩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፣ ወረቀቶቹን ሰጠኋቸው። ክሊራንሱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ምንም አላሉም። 11 ገጽ። እንደ ድሯቸው ጠርዙን ባንኮኒው ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርገው አስተካክለው፣ በስቴፕለር መትተው ሰጡኝ። "ስንት ነው ጋሼ?" አልኩ። ብሩ እጄ ላይ ነው።

"ያንተ ተከፍሏል" አሉኝ።

ወይም "ያንቱ ተከፍሏል።"

በቃ፣ ይኸው ነው። አራት ሌሊት ያላስተኛኝ ይሄ ነው። ተ ናት ቱ? ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ማሽኑ መልሰዋል፤ "ያን" የምትለዋን ሰምቻለሁ፣ "ተከፍሏል" የምትለዋንም ሰምቻለሁ፣ መሃሏ የለችም።

"ያንተ" ካሉ ምሕረት ነው። ሂድ ልጄ፣ ዕዳ የለብህም። "ያንቱ" ካሉ ግን እኔን፣ የልጅ እኩያቸውን፣ አንቱ አሉኝ ማለት ነው። ታላቅ ታናሹን አንቱ ሲል ምን እንደሆነ እናንተ አታጡትም። በር ነው የተዘጋው፣ ያውም በጨዋ ደንብ። ደግሞ "ተከፍሏል" ራሱስ? ሒሳቡ ተከፍሏል? ወይስ እንደ ርስት ተከፍሏል፣ ያንተም የእኔም ለየብቻ ሆኗል? ሰውዬው… ይኸው፣ ደግሜ አልኩት። እሳቸው። እሳቸው በልጅነታቸው ጎጃም ተሻግረው ቅኔ የቆጠሩ ናቸው። ዝም ብለው ቃል የሚጥሉ ሰው አይደሉም። ወይ ደግሞ ደክሟቸው ነበር። 11 ገጽ ምን ብር ናት።

ለእናቴ ነገርኳት። "እግዜር ይስጥልኝ አልክ?" አለችኝ። አላልኩም። ከንፈሯን መጠጠችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ማታ ያንን ክፍል ደግሜ ሰማሁት። ስለ ዌይን ያወራሁት ግማሹን ብቻ ነው። ኤፕሪል 1 ቀን 1976፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አፕል ሲመሠረት ሦስት ነበሩ። ስቲቭ ጆብስ 21 ዓመቱ ነው፣ ስቲቭ ዎዝኒያክ 25፣ ሮናልድ ዌይን 41። የሽርክናውን ውል የጻፈው ዌይን ነው። ሁለቱ 45፣ 45 በመቶ ይዘው ለእሱ 10 ሰጡት፤ ሲጣሉ ዳኛ እንዲሆን። የመጀመሪያውን አርማ የሣለውም እሱ ነው፣ ኒውተን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ። በ12ኛው ቀን ስሙን አሰረዘ። 800 ዶላር ደረሰው፣ ኋላም 1,500 ተጨመረለት። እኔም እዚህ ላይ አቁሜ "ፈራ" አልኩና ሳቅሁ።

ለምን እንደወጣ አላወራሁም። ጆብስ ከአንድ ሱቅ የ50 ኮምፒውተር ትእዛዝ ተቀብሎ ዕቃውን በዱቤ ሊያነሳ ነው። ሽርክና ነው እንጂ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር አይደለም፤ ዕዳ ከመጣ የእያንዳንዳቸው ቤት ድረስ ነው የሚሄደው። ጆብስ መኪናውን ሸጧል፣ ዎዝኒያክ ካልኩሌተሩን ሸጧል፤ አበዳሪ ቢመጣ ከእነሱ ምን ይወስዳል? ንብረት ያለው ዌይን ብቻ ነው። ቀደም ሲልም በራሱ የቁማር ማሽን ንግድ ከስሮ ያውቀዋል፣ የዕዳን ነገር።

ደግሞ "10 በመቶው ዛሬ ይሄን ያህል ቢሊዮን" የምንለው ነገር አለ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ድርሻ እኮ ኢንቨስተር በገባ ቁጥር ይቀጥናል። ይቅርና ዌይን፣ ጆብስ ራሱ በ1985 ተገፍቶ ሲወጣ የነበረውን አክሲዮን ሁሉ ሸጦ አንዲት ብቻ ነው ያስቀረው። አንዲት! በ2011 ሲሞት ከሀብቱ የሚበዛው የዲዝኒ አክሲዮን ነበር፣ የካርቱን ፊልም ኩባንያው ፒክሳር ለዲዝኒ ሲሸጥ ያገኘው። እና መሥራቹ ያልያዘውን ዌይን ይዞት ይኖር ነበር ያለው ማነው? እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያልኩት።

እሺ፣ ከአሜሪካ እንመለስ።

በ2015 መስከረም ስንጀምር ጋሼ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። ይሄን ነግሬያችሁ አላውቅም። አዲሱን የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243ን፣ የ2013ቱን፣ አትመው በቢጫ አስምረው አመጡልኝ። አሁን አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል፣ እኛም እንደዚያ እንሁን፣ ቤቴ ከንግዱ ይለይልኝ አሉ። እኔ ምን አልኩ? "ጋሼ፣ ስታርትአፕ እንደዚህ አይሠራም።" ስታርትአፕ እንዴት እንደሚሠራ የማውቅ ይመስል! ጊዜ የለንም፣ በኋላ እናስተካክለዋለን አልኩ።

ከዚያ የቦቴው ነገር መጣ። የሰው ቦቴ ከምንጠራ የራሳችንን አንድ ባለ 10 ሺህ ሊትር እንግዛ አልኩ። ባንክ ሄድን። ስሙን አልጠራም። አፑን አሳየሁ፣ ትእዛዙን በግራፍ አሳየሁ፤ ሰውዬው ስልኩን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ መለሰልኝና "ካርታ አላችሁ?" አለ። ካርታ ያላቸው ጋሼ ናቸው። የካቲት ላይ ወጡ። ያወጧትን 40 ሺህ ብቻ መልስልኝ አሉ፤ ወለድ አልጠየቁ፣ ትርፍ አልጠየቁ።

ነሐሴ ላይ ሞባይል ዳታ ጠፋ።

አፑ ሬሳ ሆነ፣ በአንድ ሌሊት። ሰው ቤት ሮቶው ባዶ ነው፣ ቦቴው ቆሟል፣ መሃላቸው ያለሁት እኔ ስክሪን ላይ የምትሽከረከር ክብ አያለሁ። እና "ዳታ ከሌለስ?" ያሉኝ ማን ናቸው? በመጀመሪያው ስብሰባ። "አንድ የስልክ ቁጥርና አንድ ደብተር አስቀምጥ" ያሉኝ። ያን "ዳታ ከሌለስ" እናንተ ድምፃቸውን አስመስላችሁ ቮይስ ትልኩልኝ የለ? እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ። ከዚያ በኋላ የሠራነውን ሁሉ በደብተር ነው የሠራነው። ካርታውን አስይዘው ቢሆን ኖሮ… ቤታቸው ሐራጅ ይወጣ ነበር። ይወጣ ይሆን? ምናልባት አንከስርም ነበር። አላውቅም። ቦቴ ቢኖረን… አይ። አላውቅም።

ግን ደግሞ ሁሉንም በራሴ ላይ ልጭነው እንዴ? ሲወጡ ሁለቱ ነባር የቦቴ ሹፌሮች አብረዋቸው ወጡ። እኔን አይደለም ያመኑት፣ እሳቸውን ነው። ሊያስቀሯቸው ይችሉ ነበር፣ አንድ ስልክ ብቻ ነበር። አልደወሉም። ይሄንንስ ማን ይናገር? እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ይሄን ብናገር ምን ይሉኝ ነበር? አልተናገርኩም እንጂ። ብሬን ይዤ ወጣሁ።

ሌላ ያየሁት ነገር አለ። መደርደሪያው ላይ ቦክስ ፋይላችን አለ። ሰማያዊው። ጀርባው ላይ በእሳቸው ጽሑፍ የእኔ ስም። ዌይን ያን የአፕል ውል፣ በፈረንጆቹ በ1990ዎቹ፣ በ500 ዶላር ነው የሸጠው፤ በ2011 ጨረታ ላይ ወደ 1.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የእኛን ውል ማንም አይገዛም። ታዲያ የሞተ ሽርክና ፋይል ከዓይን ፊት ለምን ይቀመጣል? እሳቸው እንደሁ ሁሉን ያስቀምጣሉ፣ ዶሴ ያልኳቸውም ለዚያ ነው። አቧራ ግን አልነበረበትም። ወይ እኔ ነኝ አቧራ የሌለው ያስመሰልኩት።

ነገ ኮፒ ጎደለኝ ብዬ ልሄድ አስቤያለሁ። አንድ ገጽ። መብራት ቢመጣም እዚያው እሄዳለሁ። "ስንት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ብር ካሉኝ… ብር ከጠየቁኝ ጥሩ ነው አይደል? ብር የሚጠይቁት ከ… ቆይ፣ ከማን ነው የማይጠይቁት? ደግሞ ይሄን ክፍል ሰምተውት ከሆነስ? ጋሼ፣ እየሰሙኝ ከሆነ…

ቆይ። ሰማችሁ? ፍስስ ትላለች። እሷ ናት። መጣች! ኧረ የቢጫው ክዳን የት… ቆዩኝ፣ አላጠፋሁትም፣ መጣሁ፣ አንዴ ብቻ…