የኤስፐራንስ ወፎች

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለች አንዲት የአውስትራሊያ ከተማ ላወራችሁ ነው።

ኤስፐራንስ ትባላለች። የምዕራብ አውስትራሊያ የወደብ ከተማ ናት። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2006 ላይ ወፎቿ መሞት ጀመሩ። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ። በኋላ እንደተገመተው ወደ 9,500 ገደማ አልቀዋል። ብዙዎቹ አበባ የሚቀስሙ ናቸው።

መጀመሪያ በሽታ ይሆን ወይስ ፀረ ተባይ ተባለ። ነገሩ የተገለጠው ማርች 2007 ላይ እንደገና መርገፍ ሲጀምሩ ነው። ገዳዩ እርሳስ ነበር፣ ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት። ዊሉና ከምትባል የዚያው የምዕራብ አውስትራሊያ ከተማ አካባቢ ካለ ማዕድን ማውጫ ይመጣና እዚያ ወደብ መርከብ ላይ ይጫን ነበር። ሲጫን ይቦን ነበር። ብናኙ ጣራው ላይም፣ ቅጠሉ ላይም፣ አበባው ላይም ያርፍ ነበር። ወፏ አበባውን ትቀስማለች፣ ላባዋን በመንቆሯ ታበጥራለች፣ በዚያ ላይ አየሩን ትተነፍሳለች። ያቺ ሚጢጢ ገላ ከእኛ ቀድማ ብትወድቅ ምን ይገርማል?

እኔን ያስደነገጠኝ ሮቶው ነው። እዚያ ከተማ ብዙ ሰው የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ነው፤ ከጣራ በአሸንዳ ወርዶ ሮቶ ውስጥ የሚጠራቀም። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ክረምት ሲገባ እናቴ «መጀመሪያ ጣራው ይታጠብ» ትልና የአሸንዳውን ቱቦ ከበርሜሉ ታወጣው ነበር። ይሄ ለወፍ ኩስና ለአቧራ ያግዝ ይሆናል። ጭነት በመጣ ቁጥር አዲስ ብናኝ ለሚያርፍበት ጣራ ግን ምን ይፈይዳል? ሮቶዎቹ ሲመረመሩ እርሳስ ተገኘ። ልጆቹም ደማቸው ተመረመረ፤ መጠኑ ከፍ ያለባቸው ነበሩ።

ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው አይሶቶፕ ነው፤ የአንድ ንጥረ ነገር፣ እዚህ ላይ የእርሳስ፣ በክብደት የሚለያዩ አቶሞች ማለት ነው። ምጣኔያቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአንድ ማውጫ እርሳስ እንደ ጣት አሻራ የራሱ መለያ አለው። የዊሉናው ማዕድንና ከተማዋ ውስጥ የተገኘው ገጠሙ።

ላባም ይመረመራል። ላባ ሲያድግ ደም ይደርሰዋል፤ ደም ውስጥ ያለው ብረትም አብሮ ይገባል። አድጎ ሲያበቃ ደሙ ይቋረጥና የገባው እዚያው ይቀራል። ወፏን መግደል አያስፈልግም፣ ደስ የሚለው እሱ ነው። ግን ላባ ላይ የውጭ ብናኝም ይለጠፋል። ቢታጠብ እንኳ በደም የገባውን ከውጭ ከተለጠፈው መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ላባ ብቻ ይዞ የሚፈርድ ተመራማሪ ለእኔ አይዋጥልኝም። ጉበቱንና ኩላሊቱንም አሳየኝ እለዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እነዚያ ሮቶዎች ሲመረመሩ ኒኬልም ተገኘ። እሱም በዚያው ወደብ ይጫን የነበረ ነው። በወፎቹ ባይደነገጥ ኖሮ ያንን ሮቶ ማን ከፍቶ ይመረምረው እንደነበር እንጃ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።